የጃፓንኛ ተማሪዎች ይጠይቃሉ፦ ኤን ዋንን ካለፉ በኋላ ምን ይቀራል?

በዚህ ዕትም የምመልሳቸውን ደብዳቤዎች የጻፉት ጀማሪዎች አይደሉም። ስለ ሂራጋናና ካታካና፣ ማለትም ስለ ጃፓንኛ የድምፅ ፊደላት፣ አጠናን የሚጠይቁትን ለሌላ ጊዜ አቆይቻቸዋለሁ። የዛሬዎቹ ጠያቂዎች ጃፓንኛን በዩኒቨርሲቲ የሚያጠኑ ወይም ሌላ ትምህርት በጃፓንኛ ለመማር የተዘጋጁ ናቸው። ለጀማሪ የሚሆን ምክር በየቦታው ሞልቷል። እዚህ ደረጃ ላይ ለደረሰ ተማሪ ግን ብዙም አይጻፍለትም፤ ስለዚህ አንዳንዱን ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ *መምህርት፣ የጃፓንኛ ችሎታ ፈተናን የመጨረሻ ደረጃ፣ ኤን ዋንን፣ አልፌያለሁ። አሁን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ በንባብ ሴሚናራችን በየሳምንቱ አንድ የጥናት ጽሑፍ አንብበን እንመጣለን። አብዛኞቹን ቃላት አውቃቸዋለሁ፣ ሰዋስውም አይጠፋኝም። መምህሩ «ጸሐፊው ምን እያሉ ነው?» ሲሉኝ ግን መልስ አጣለሁ። ፈተናውንስ እንዴት አለፍኩት ብዬ ራሴን መጠራጠር ጀምሬያለሁ። ምን ጎደለኝ?*

መልስ፦ የጎደለህ ነገር አለ፤ አንተ የፈራኸው ግን አይደለም። ፈተናውን ያለፍከው ስለቻልክ ነው። ይሁንና ፈተናው የሚለካውን ልብ በል። ኤን ዋን ከ180 ነጥብ 100 ማምጣትን ይጠይቃል። የቋንቋ ዕውቀት፣ ንባብና ማዳመጥ እያንዳንዳቸው 60 ነጥብ ይይዛሉ፤ በእያንዳንዳቸውም ቢያንስ 19 ማምጣት ግድ ነው። ድርሰት የለበትም፣ ንግግርም የለበትም፣ መልሱ ሁሉ ምርጫ ነው። ምንባቡ ከባድ ቢሆን እንኳ ከሥሩ ጥያቄ ስላለ የትኛውን አንቀጽ ደግመህ ማየት እንዳለብህ ጥያቄው ራሱ ይጠቁምሃል። ሴሚናር ላይ ይህ የለም። ረጅም ጽሑፍ ይሰጥሃል፤ ምን ብለህ እየጠየቅክ እንደምታነበው መወሰን ያለብህ አንተ ነህ።

ደብዳቤህን ሳነብ የጠረጠርኩት የዓረፍተ ነገሩን ጭራ እየዘለልክ መሆኑን ነው። ብዙ ቃል ያጠና ተማሪ ካንጂዎቹን፣ ከቻይና የመጡትን የቃል ምልክቶች፣ እየያዘ ወደፊት ይሮጣል፤ ግሱ ጋ ሲደርስ «ገባኝ» ብሎ ያልፋል። የጃፓን ምሁር ግን አቋሙን የሚያስቀምጠው እዚያው ጭራው ላይ ነው። «ኬይጎ ዋ ሙዙካሺይ» የሚለውን አጭር ሐሳብ ውሰድ፤ የአክብሮት አነጋገር ከባድ ነው ማለት ነው። መጨረሻው ላይ «ቶ ኢዋሬቴ ኢሩ» ከተጨመረበት «ይባላል» ነው። ጸሐፊው ሌሎች የሚሉትን እያነሣ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቀጥሎ ሊሞግተው ነው። «ቶ ሳሬሩ» ካለ በመስኩ ተቀባይነት ያገኘ ሐሳብ እየጠቀሰ ነው። «ቶ ካንጋኤራሬሩ» ሲል «እኔ» የሚል ቃል የትም አይታይም፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ይህ ከማስረጃው ተነሥቶ የደረሰበት የራሱ ድምዳሜ ነው። «ቶ ዋ ካጊራናይ» ከሆነ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለት አይቻልም» እያለ ነው።

ከሁሉም ተማሪ የሚያሳስተው «ኖ ዴ ዋ ናይ ዳሮኡ ካ» የሚለው ነው። አሉታ አለበት፣ ጥያቄም ይመስላል። ነገሩ ግን አዎንታ ነው፤ ጸሐፊው «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ የራሱን ሐሳብ በለስላሳው እያቀረበ ነው። ይህን በአሉታ ያነበበ ተማሪ የጽሑፉን ዋና ክርክር ገልብጦ ይዞት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ቃላቱን ሁሉ ቢያውቅ ምንም አይጠቅመው።

ስለዚህ እርሳስ ይዘህ አንብብ። በመጀመሪያው ንባብ የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ጭራ ብቻ አስምርበት። ሐሳቡ የጸሐፊው ከሆነ በኅዳጉ ላይ ክብ አድርግ፤ የሌላ ሰው ከሆነ ሦስት ማዕዘን። አንድ ገጽ ስትጨርስ ክቦቹን ብቻ ተከትለህ እንደገና አንብባቸው፤ የጸሐፊው ክርክር ተያይዞ ይወጣልሃል። «ሴንኮኡ ኬንኪዩኡ» የሚባለው፣ የቀደሙ ጥናቶችን የሚቃኘው ክፍል፣ በሦስት ማዕዘን የተሞላ ነው። ተማሪ ሁሉ የሚጠፋውም እዚያ ነው፤ የተጠቀሱትን ሰዎች ሐሳብ የጸሐፊው አድርጎ ይወስደዋል። ከመነሻውም «ሀጂሜ ኒ» የሚለውን መግቢያና «ኦዋሪ ኒ» የሚለውን መደምደሚያ አስቀድመህ አንብብ፤ መሐሉን ከዚያ በኋላ ግባበት። ይህ እንደ ማጭበርበር የሚቆጠር አይደለም፤ የጥናት ጽሑፍ የሚነበበው እንደዚያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ብቻ የሚሆን ምክር ነው። አብዛኞቹ የጃፓንኛ መማሪያ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ስለሆኑ ተማሪዎቻችን የጃፓንኛውን ዓረፍተ ነገር በጭንቅላታቸው ወደ እንግሊዝኛ ገልብጠው ነው የሚረዱት። ለምን? «ባለፈው ዓመት ከመምህሬ የተዋስኩት መጽሐፍ» ስትል ገላጩ ሁሉ ከስሙ በፊት ይመጣል። ጃፓንኛውም «ኪዮኔን ሴንሴይ ካራ ካሪታ ሆን» ነው፤ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። ግሱም መጨረሻ ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ያን ዓረፍተ ነገር ከኋላ ወደ ፊት መገልበጥ አለበት፤ አንተ ግን በመጣበት መንገድ ተከትለኸው መሄድ ትችላለህ። አራት መስመር የፈጀ ዓረፍተ ነገር ሲገጥምህ በቀጥታ በአማርኛ ተከተለው። ይህን ያደረጉ ተማሪዎቼ የንባብ ፍጥነታቸው ሲለወጥ ዐይቻለሁ።

የምታነበውንም አጥብበው። ዛሬ ኢኮኖሚ፣ ነገ ሥነ ጽሑፍ፣ ከነገ ወዲያ ሕክምና የሚያነብ ተማሪ በየቀኑ ጀማሪ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ጠባብ ርዕስ ላይ የተጻፉ አሥር ጽሑፎችን አከታትለህ ብታነብ ከአራተኛውና ከአምስተኛው ጀምሮ ቃላቱ ራሳቸው ይመላለሱልሃል። የሚጠቀሱት ተመራማሪዎችም የምታውቃቸው ሰዎች ይሆናሉ። ጄ ስቴጅ በተባለው የጃፓን የመጽሔቶች ቋት ላይ እጅግ ብዙ ጽሑፍ በነፃ ይገኛል። ሳይኒይ በተባለው መፈለጊያ ደግሞ በርዕስና በጸሐፊ ማፈላለግ ትችላለህ።

ጥያቄ፦ *የተደነገጉትን 2,136 ካንጂዎች ሁሉ በእጄ መጻፍ መቻል አለብኝ? ወይስ ማንበብ ይበቃል? ሥራዬን ሁሉ የምሠራው በኮምፒውተር ነው። ጓደኞቼ በእጅ መጻፍ መለማመድ ጊዜ ማባከን ነው ይሉኛል።*

መልስ፦ ማንበቡ ለሁሉም ግድ ነው። 2,136 የሚለው ዝርዝር በ2010 የጸደቀው ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው የ1981ዱ ዝርዝር 1,945 ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 1,026ቱን የጃፓን ልጆች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይጨርሷቸዋል። በእጅ መጻፍን በተመለከተ እነዚህን 1,026 ሳታመነታ መጻፍ ቻል፤ ከዚያ በላይ የመስክህን ቃላት ጨምርባቸው። ሌላውን ለይተህ ብታነበው ይበቃሃል።

ጓደኞችህ ግን ያልነገሩህ ነገር አለ። በክፍል ውስጥ ፈተና ላይ፣ ሰሌዳ ላይ፣ መምህር ፊት ተቀምጦ ማስታወሻ ሲያዝ የሚሠራው እጅ ነው። ለውጭ አገር ተማሪዎች የሚሰጠው የጃፓን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና፣ በአጭሩ ኢጄዩ የሚባለው፣ የጃፓንኛው ክፍል በ30 ደቂቃ ውስጥ ከ400 እስከ 500 ፊደል የሚሆን ድርሰት ያስጽፋል። በኮምፒውተር መጻፍም ቢሆን ካንጂውን ከማወቅ አያድንህም። «ታይሾኡ» ብለህ ጻፍ፤ ኮምፒውተሩ ብዙ አማራጭ ይደረድርልሃል። አንዱ የጥናት ትኩረት የሆነው ነገር ነው፣ አንዱ ማነጻጸር ነው፣ ሌላው የሁለት ወገን ምጥጥን ነው። ሦስቱም በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ይመጣሉ። በድምፅ አይለዩም፤ የሚለያቸው ዐይንህ ብቻ ነው። የተሳሳተውን የመረጠ ተማሪ ደግሞ የጻፈው ነገር ትርጉም የለሽ ይሆናል፤ የፊደል ማረሚያውም አይነግረውም።

አጠናኑን በተመለከተ፣ በዚህ ደረጃ ካንጂን አንድ በአንድ መሸምደድ ይብቃህ። የድምፅ ቤተሰቦችን ፈልግ። ሰማያዊን የሚያመለክተው ካንጂ «ሴይ» ተብሎ ይነበባል። በግራው የውሃ ምልክት ጨምርበት፣ ንጹህ የሚል ይሆናል። የፀሐይ ምልክት ጨምርበት፣ ጥርት ያለ ሰማይ። የንግግር ምልክት ጨምርበት፣ መጠየቅ። የሩዝ ምልክት ጨምርበት፣ ማጣራትና መንፈስ በሚሉት ቃላት ውስጥ የሚገባው ይሆናል። አራቱም «ሴይ» ተብለው ይነበባሉ። የቀኙ ወገን ድምፁን፣ የግራው ወገን ጉዳዩን ይነግርሃል ማለት ነው። ሁሉም ካንጂ እንዲህ አይታዘዝም፤ ነገር ግን የሚታዘዙት በጣም ብዙ ናቸው። ይህን የያዘ ተማሪ ከዚህ በፊት ያላየውን ቃል እንኳ ገምቶ ያነበዋል።

ጥያቄ፦ *መምህሬ ድርሰቴን ሲመልሱልኝ በየመስመሩ በቀይ «ሀናሺ ኮቶባ» ብለው ይጽፉበታል፤ የንግግር ቃል ነው ማለታቸው ነው። የሰዋስው ስህተት ግን የለበትም ይላሉ። ስህተት ከሌለው ምኑን ነው የማርመው?*

መልስ፦ እህቴ፣ መምህርሽ ያዩት ነገር ትክክል ነው፤ አንቺም እዚህ ላይ መድረስሽ ጥሩ ምልክት ነው። ሰዋስውሽ ገና ቢሆን ኖሮ ይህን ለማየት ጊዜ አያገኙም ነበር። ተማሪዎች ከሚጽፉት የሚመስል አንድ ዓረፍተ ነገር ላሳይሽ፦

«ዴሞ፣ ዋታሺ ዋ ኮኖ ሞንዳይ ዋ ቶቴሞ ዳይጂ ዳ ቶ ኦሞይማሱ።»

ግን እኔ ይህ ጉዳይ በጣም አስፈላጊ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ነው የሚለው። ለጓደኛ ብትነግሪው ምንም አይወጣለትም። በዩኒቨርሲቲ ድርሰት ግን እንዲህ መሆን አለበት፦

«ሺካሺ፣ ኮኖ ሞንዳይ ዋ ኪዋሜቴ ጁኡዮኡ ዴ አሩ ቶ ካንጋኤሩ።»

«ዴሞ» ወጥቶ «ሺካሺ» ገባ። «ቶቴሞ» በ«ኪዋሜቴ» ተተካ። «ዳይጂ» የሚለው «ጁኡዮኡ» ሆነ። «ዋታሺ ዋ» ጭራሽ ጠፋ፤ ጽሑፉ ያንቺ መሆኑ ይታወቃልና። የ«ማሱ» መጨረሻ በተራው ግስ ተተካ፤ «ዳ»ውም «ዴ አሩ» ሆነ። እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ሕግ አለ፦ አንድ ድርሰት ውስጥ «ዴሱ» እና «ማሱ»ን ከ«ዴ አሩ» ጋር አታቀላቅዪ። አንዲት ብቻ አምልጣ ብትቀር አንባቢው ወዲያው ያያታል።

ለተቀረው ድርሰትሽ ደግሞ «ስለዚህ» ለማለት «ዳካራ» ያልሽውን «ሺታጋትቴ» አድርጊው። «ብዙ» ለማለት «ኢፕፓይ» ያልሽውን «ኦኦኩ» በይው። ዓረፍተ ነገርን ከዓረፍተ ነገር በ«ሺቴ» እያያያዝሽ ከሆነ «ሺ» ብለሽ ቁረጪው፤ «መርምሮ» ለማለት «ቾኡሳ ሺቴ» ሳይሆን «ቾኡሳ ሺ»። ከጃፓንኛ ነባር ቃላት ይልቅ በቻይና ካንጂ የተገነቡት ቃላት በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ይበዛሉ፦ ለመመርመር «ሺራቤሩ» ከማለት «ቾኡሳ ሱሩ»፣ ለመጀመር «ሀጂሜሩ» ከማለት «ካይሺ ሱሩ»። ግን ልክ ይኑረው። ሁሉንም ቃል ያከበደ ድርሰት የመንግሥት ማስታወቂያ ይመስላል፤ በደንብ የሚጽፉ የጃፓን ምሁራን ነባሮቹን ቃላት ሳይፈሩ ይጠቀማሉ።

የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ስትጠራጠሪ መዝገበ ቃላት ብዙ አይረዳሽም። የጃፓን ብሔራዊ የቋንቋ ተቋም ያዘጋጀው የዘመናዊ የጽሑፍ ጃፓንኛ ክምችት አለ። 100 ሚሊዮን ያህል ቃላት የያዘ ሲሆን በ2011 ለሕዝብ ቀርቧል። ሾኡናጎን በተባለው መፈለጊያው በነፃ መፈተሽ ይቻላል። «ቾኡሳ» ብለሽ ፈልጊና ከአጠገቡ ምን ግስ እንደሚመጣ እዪ፤ «ቾኡሳ ኦ ኦኮናው» ደጋግሞ ይመጣልሻል። መምህርሽ በቀይ ያሰመሩበትን እያንዳንዱን ቃል እዚያ አውጥተሽ፣ የተተካውን ቃልና አንድ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር በደብተርሽ ጻፊ። የራስሽ መዝገበ ቃላት ይሆናል።

ስለ አጻጻፉም አንድ ነገር። የጃፓን ድርሰት የሚለካው በቃል ሳይሆን በፊደል ብዛት ነው። «ጌንኮኡ ዮኡሺ» የተባለው ወረቀት 400 ሳጥን አለው። አንቀጽ ስትጀምሪ የመጀመሪያውን ሳጥን ባዶ ተዪው። ነጥብና ነጠላ ሰረዝ የየራሳቸው ሳጥን አላቸው፤ ነገር ግን በመስመር መጀመሪያ ላይ አይቀመጡም። ቦታ ካጡ ከፊታቸው ካለው ፊደል ጋር በአንድ ሳጥን ይጨመራሉ። አነስተኛ ነገር ይመስላል፤ አራሚው ግን መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ *በሥራ ዓለም ብዙ ዓመት የቆየሁ ሰው ነኝ። ለድኅረ ምረቃ ትምህርት የጃፓን ፕሮፌሰር ማነጋገር ይጠበቅብኛል። ጃፓንኛዬ መጥፎ አይደለም፤ የአክብሮት አነጋገሩ ግን ያስፈራኛል። አሳፋሪ ነገር እንዳልጽፍ ምን ልጠንቀቅ?*

መልስ፦ ወንድሜ፣ እርስዎ ከአብዛኞቹ ተማሪዎች የተሻለ መነሻ አለዎት። «አንተ» እና «እርስዎ» በሚል ቋንቋ ያደጉ ስለሆኑ ለትልቅ ሰው ግስ እንደሚለወጥ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አዲስ የሚሆንብዎት ሌላ ነገር ነው። በእኛ ቋንቋ አለቃችንን በአክብሮት የምንጠራው ለማንም ስንናገር ነው፤ ለውጭ ሰውም «ሥራ አስኪያጃችን የሉም» እንላለን። በጃፓንኛ ግን ለውጭ ሰው ሲናገሩ የራስዎ ወገን ሁሉ፣ አለቃዎ ጭምር፣ ዝቅ ይላል። «ሻቾኡ ዋ ኦሪማሴን» ይባላል እንጂ «ኢራሽሻይማሴን» አይባልም። ይህ ለጆሮዎ እንደ ድፍረት ሊሰማዎት ይችላል፤ ግን ትክክለኛው እሱ ነው። ስለዚህ በደብዳቤዎ ውስጥ ስለሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ሲያወሱ በትሕትና ያውሱ። የፕሮፌሰሩን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በጽሑፍ «ኪዳይጋኩ»፣ የተከበረው ዩኒቨርሲቲዎ፣ ብለው ይጥሩት።

የጃፓን የባህል ጉዳዮች ምክር ቤት በ2007 የአክብሮት አነጋገርን በአምስት ከፍሎታል። ለእርስዎ ደብዳቤ የሚያስፈልጉዎት በዋናነት ሁለቱ ናቸው፤ የሌላውን ሰው ድርጊት የሚያከብረው «ሶንኬይጎ» እና የራስን ድርጊት ዝቅ የሚያደርገው «ኬንጆኡጎ»። ከሁለቱ ሁለተኛውን ይበልጥ ይለማመዱ፤ ደብዳቤው በአብዛኛው ስለ እርስዎ ነውና። ሁለት የአክብሮት ቅርጽ በአንድ ግስ ላይ አይደርቡ፤ «ይላሉ» ለማለት «ኦሽሻሩ» ራሱ በቂ ነው፣ «ኦሽሻራሬሩ» ማለት ከመጠን ያለፈ ነው። ፕሮፌሰሩን «አናታ» (አንተ ወይም እርስዎ) አይበሏቸው፤ የቤተሰብ ስማቸውን አስቀድመው «ሴንሴይ» (መምህር) ይበሉ። ሲመልሱልዎት ደግሞ «ተረድቻለሁ» ለማለት «ሪዮኡካይ ሺማሺታ» ብለው አይጻፉ፤ «ሾኡቺ ኢታሺማሺታ» ይበሉ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። በርዕሱ ቦታ ጉዳዩንና ስምዎን ይጻፉ። ከዚያ የዩኒቨርሲቲው፣ የክፍሉና የፕሮፌሰሩ ስም፤ ቀጥሎ «ቶትሱዜን ኖ ጎ ሬንራኩ ሺትሱሬይ ኢታሺማሱ» ብለው ሳይተዋወቁ በድንገት ስለጻፉ ይቅርታ ይጠይቁና ማን እንደሆኑ ይንገሯቸው። ከዚያ የእሳቸውን የትኛውን ሥራ እንዳነበቡና ከእርስዎ ዕቅድ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ያስረዱ። መልሱን የሚወስነው ይህ ክፍል ነው። አክብሮቱ የተዋጣለት፣ የጥናት ዕቅዱ ግን የደበዘዘ ደብዳቤ መልስ አያስገኝም። ትንሽ የተንገዳገደ ጃፓንኛ ይዞ፣ ግልጽ ጥያቄና በደንብ የታሰበበት «ኬንኪዩኡ ኬይካኩሾ»፣ የጥናት ዕቅድ፣ ያያያዘ ሰው ግን ይነበብለታል። በ«ናኒቶዞ ዮሮሺኩ ኦኔጋይ ሞኡሺአጌማሱ» ይዝጉት፤ በትሕትና የሚለምን የመዝጊያ አባባል ነው።

ጥያቄ፦ *ጥንታዊ ጃፓንኛ የግዴታ ትምህርት ተደርጎብናል። እኔ የምፈልገው ሕግ ማጥናት ነው። ለምን ይጠቅመኛል?*

መልስ፦ ለአንቺ ከማንም በላይ ይጠቅምሻል። የ1889ኙ የሜይጂ ሕገ መንግሥት የተጻፈው በጥንታዊው የጽሑፍ ቋንቋ ነው። የወንጀል ሕጉ ወደ ዘመናዊ ቋንቋ የተለወጠው በ1995 ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የመጀመሪያዎቹ ሦስት መጻሕፍት ደግሞ በ2004 በወጣ ማሻሻያ ተለውጠው ሥራ ላይ የዋሉት በ2005 ነው። ይህ ማለት የቆዩ ፍርዶችንና ማብራሪያዎችን ለማንበብ የድሮው አጻጻፍ ግድ ይላል። አንዲት ፊደል ትርጉም እንዴት እንደምትገለብጥ ልንገርሽ፦ «ሳኪኑ» ማለት አብቧል ነው፤ «ሳካኑ» ማለት የማያብብ ነው። መጨረሻቸው አንድ ዓይነት «ኑ» ነው፤ የሚለያቸው ከፊቱ ያለው አናባቢ ብቻ ነው። በሕግ ጽሑፍ ላይ እንዲህ ያለውን መሳት አይፈቀድልሽም። የረዳት ግሶቹን ሠንጠረዥ በቃልሽ ያዢ፤ ከዚያ በኋላ ያለው በንባብ ይመጣል።

ጥያቄ፦ *የትርጉም መሣሪያዎች በጣም ጎበዝ ሆነዋል። ጽሑፉን በእነሱ አስተርጉሜ ብገባ ምን ችግር አለው?*

መልስ፦ ለመፈለግ ተጠቀምባቸው፤ የትኛውን ጽሑፍ ማንበብ እንዳለብህ ለመለየት ይጠቅማሉ። የንባቡ ምትክ ግን አታድርጋቸው። ጃፓንኛ ባለቤቱን ሳይጠቅስ ገጽ ሙሉ ይሄዳል፤ መሣሪያው ግን በሚተረጉምበት ቋንቋ «እሱ»፣ «እኛ» ማለት ስላለበት ገምቶ ያስገባል። ሲሳሳትም ዓረፍተ ነገሩ ያማረ ስለሚሆን አታውቅበትም። «ካንጋኤራሬሩ» ያለው የማን ሐሳብ እንደሆነ የሚጠፋው እዚያ ነው፤ ሴሚናር ላይ የምትጠየቀው ደግሞ በትክክል እሱን ነው።

ጥያቄ፦ *መምህርት፣ አነባለሁ፣ እጽፋለሁም። ሴሚናር ላይ አቅርቤ ስጨርስ ግን ጥያቄ ሲመጣ እደነግጣለሁ። ጃፓናውያን ጓደኞቼም አንዳንዴ የምለው እንደማይሰማቸው ይነግሩኛል። ቃላቱን ግን በትክክል ነው የምለው።*

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከሁለተኛው ልጀምር። በአማርኛ ማጥበቅና ማላላት ትርጉም ይለውጣል፤ «ገና» ብለን በዓሉንና «እስካሁን»ን የምንለየው በዚያ ነው። ስለዚህ «ኪቴ» (ና) እና «ኪትቴ»ን (ቴምብር) ለመለየት አይቸግርህም፤ ይህ ሌሎች የሚሰቃዩበት ነው። አናባቢ ማስረዘም ግን በእኛ ቋንቋ ትርጉም አይለውጥም፤ ጆሮአችንም አይቆጥረውም። በጃፓንኛ «ኦባሳን» አክስት ናት፣ «ኦባአሳን» አያት ናት። «ኮኮ» እዚህ ማለት ነው፣ «ኮኡኮኡ» ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በጥናት ቃላት ውስጥ ደግሞ ረጅም አናባቢ ያለው ቃል በጣም ብዙ ነው። አሳጥረህ ስትናገረው አድማጩ ሌላ ቃል ይሰማል፤ ለዚህ ነው የማይሰማቸው። የማቅረቢያህን ቁልፍ ቃላት ለይተህ የሚረዝሙትን በቀለም አስምር፤ በጣትህ ጠረጴዛ እየመታህ ቁጠራቸው፤ «ኮኡኮኡ» አራት ምት ነው።

ድንጋጤውን በተመለከተ፣ የጃፓን ሴሚናር የራሱ ሥርዓት ስላለው ቀድመህ መዘጋጀት ትችላለህ። «ሬጁሜ» የሚባለውን ማጠቃለያ ወረቀት ታድላለህ፣ ታቀርባለህ፣ ከዚያ ጥያቄና መልስ ይሆናል። ጥያቄ ሲመጣ ወዲያው መልስ አትስጥ። መጀመሪያ «ጎ ሺትሱሞን አሪጋቶኡ ጎዛይማሱ» ብለህ ስለ ጥያቄው አመስግን። ቀጥለህ ጥያቄውን በራስህ ቃል ደግመህ «ቶ ዩ ጎ ሺትሱሞን ቶ ሪካይ ሺቴ ዮሮሺይ ዴሾኡ ካ» ብለህ በትክክል መረዳትህን አረጋግጥ። ይህ ጊዜ ይሰጥሃል፤ ጠያቂውም ካላብራራ ያብራራልሃል። መልስ ከሌለህ «ኮንጎ ኖ ካዳይ ቶ ሳሴቴ ኢታዳኪማሱ» በል፤ ወደፊት የማጠናው ይሆናል ማለት ነው። ይህ ማምለጫ ተደርጎ አይታይም፤ ትልልቅ ተመራማሪዎች በጉባኤ ላይ ይሉታል። ግን ጥያቄውን በማስታወሻህ ጻፈውና በሚቀጥለው ሳምንት መልሱን ይዘህ ና።

ከሚቀጥለው ማቅረቢያህ በፊት ንግግርህን ቅዳና ጽሑፉን ላላየ ጃፓናዊ ጓደኛህ አሰማው፤ የሰማውንም በሂራጋና ይጻፍልህ። ከራስህ ጽሑፍ ጋር ጎን ለጎን አድርገህ አስተያየው። እሱ አሳጥሮ የጻፈው ቃል ሁሉ አንተ አሳጥረህ ያልከው ነው፤ የምትለማመደውም እነዚያኑ ብቻ ነው።